አርበኛው ገበሬ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ አርበኛ ሲባል ደሞዝ የሚቀበል ወታደር እንዳይመስላችሁ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ጎተራ ስር አስቀምጦ ጣልያንን ለመውጋት ምንሽር ወይ ውጅግራ አንግቶ የወጣ ገበሬ ነው፣ ጦርነቱ ሲያልቅም ተመልሶ በሬውን የጠመደ። ስለነሱ የሚወራው ብዙ ጊዜ 1933 ላይ ይቆማል፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዛ በኋላ የኖሩት ሃምሳና ስልሳ አመት ነው፣ ምክንያቱም በዛ ጊዜ ውስጥ ነው መሬቱንም ደብሩንም ይዘው ያቆዩት።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም ገባ፣ ጎጃም ላይ ግን ነገሩ የከረረው መሳሪያ አስረክቡ ከተባለ በኋላ፣ 1929 መጨረሻና 1930 ላይ ነው። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር)፣ ከዛ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው ስማቸው የታወቀ ነው፣ ከኋላቸው ያለው ግን በሶና ቆሎውን ከቤቱ ይዞ የሚከተል ገበሬ ነው፣ ስንቁን የምታዘጋጀው ሚስቱ ናት፣ ወሬ የምታቀብለውም እሷ ናት፣ ስለዚህ የውስጥ አርበኛ የሚለውን ስም በደንብ ያገኙት ሴቶቹ ይመስለኛል። ጃንሆይ በጥር 1933 በኦሜድላ ገብተው በቡሬ በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 አዲሳባ ሲደርሱ ጎጃም ላይ መንገዱን የጠበቀላቸው ይሄው ሰው ነው። በላይ ዘለቀ በ1937 በስቅላት ሲሞት ጎጃም ያዘነው ሀዘን እስካሁን በእንጉርጉሮው ውስጥ አለ።

ለምን እንደተዋጋ ለመረዳት ርስትን ማወቅ ያስፈልጋል። በጎጃም እስከ 1967 ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር፣ ትውልዱን ቆጥሮ አቅኚው አባት ጋር የደረሰ ሰው ድርሻዬን ብሎ ይሟገት ነበር፣ ስለዚህ አንድ ገበሬ የዘር ሀረጉን ካላወቀ መሬቱን በሙግት ሊነጠቅ ይችል ነበር ማለት ነው። ለዛ ነው መሬት ይለካ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ጎጃም ይነሳ የነበረው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ግብሩን ብቻ አይደለም የፈራው፣ ገምጋሚ መጣ ማለት ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ሊጣል ነው፣ ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ነው፣ ሞጣና ቢቸና አካባቢ ሸፈተ፣ መንግስት አውሮፕላን ሳይቀር ላከበት፣ መጨረሻ ላይ ግን ጠቅላይ ገዢው ተነሱ፣ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ። ከጣልያን ጊዜ የተረፈ ጠመንጃ ሳይወጣ የቀረ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤተክርስቲያኑ ልምጣ፣ ዋናው እዚህ ጋር ነውና። ድሮ ደብር በመሬት ነበር የሚኖረው፣ የሰሞን መሬት፣ ማለትም ለደብሩ አገልግሎት የተሰጠ መሬት፣ የያዘ ሰው ወይ ራሱ ያገለግላል ወይ የሚቀድስ ሰው ያቆማል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የህዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ የደብሩም መሬት አብሮ ሄደ፣ ካህናቱ እንደማንኛውም ገበሬ አርሰው የሚበሉ ሆኑ፣ እጣኑ ዘቢቡ ጧፉ የጣሪያው ቆርቆሮ ታድያ ከየት ይምጣ? ከገበሬው ነዋ። በ1965 በቃለ ዓዋዲ (በቤተክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ) ደብሩን የሚያስተዳድር የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር፣ ያኔ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ፣ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የኛው የጎጃም ልጅ፣ እሳቸውን ደርግ ገደላቸው፣ የዘረጉት ሰበካ ጉባኤ ግን በየገጠሩ ደብሩን ያቆመ እሱ ነው። ከካህናቱ ጋር ምእመናንም ይመረጣሉ፣ ደሞዝ የለውም፣ እና ጎጃም ውስጥ ማን ይመረጥ ሲባል አርበኛው ሽማግሌ ነበር የሚታየው፣ ገንዘብ አይበላም፣ ባለስልጣን ፊት አይንቀጠቀጥም፣ ሰው ይሰማዋል።

ስራው ምንድነው ካላችሁ፣ ሙዳየ ምፅዋት ሲቆጠር መቀመጥ፣ ቅፅሩ ሲፈርስ ድንጋይ የሚያመጣ ደቦ መጥራት፣ የደብሩን ዛፍ የሚቆርጥ ሲገኝ መገሰፅ፣ የንግስ ቀን እህል ማሰባሰብ፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ ደም የፈሰሰበትን ሳይቀር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ድሃው እዛ ይጠግባል። ይሄን ሁሉ የሚሰራው እያረሰ ነው፣ ጤፍ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ግን በሬ አይጠመድም፣ አዝመራው ቢያስቸኩልም ያው ነው።

የ1928ቱን ዘመቻ በጉርምስናው ያየ ሰው ዛሬ ቢኖር ከመቶ አመት በላይ ነው፣ ስለዚህ አሁን በደብሩ አፀድ ዱላውን ተደግፎ የምታዩት ሽማግሌ ሌላ ዘመቻ ያየ ነው፣ በ1969 በሚሊሺያነት ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ኦጋዴን የሄደ፣ ወይ ሰሜን ጦር ግንባር ቆይቶ በ1983 ሰራዊቱ ሲበተን ወደ ቀዬው የተመለሰ። ብዙዎቹ ቤታቸው ሲደርሱ ፉከራ የተቀበላቸው የለም፣ በ1989ኙ የመሬት ድልድል ደግሞ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ውስጥ የሰራ ሰው ቢሮክራት ተብሎ ማሳው ተቀነሰ፣ ይሄ ዛሬም ያማል። ሆኖም ሰንበቴው ላይ ቦታቸው እንደ አባቶቻቸው ነው።

ሰውየው ሲያርፍ ለቅሶው ላይ ይፎከርለታል፣ ካህናቱ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱለታል፣ እዛው ደብሩ ይቀበራል። የሰንበቴው ተራ ለልጁ ይተላለፋል፣ ልጁ አዲሳባ ሆኖ መምጣት ካልቻለ ብር ይልካል፣ እናትየው ጠምቃ ጋግራ በሱ ስም ታቀርባለች።