ያዘነበለ የሳሎን መብራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ በሚገኝ የዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ ብረት) በተበየደ ቀለበት ዙሪያ በእኩል ርቀት ስድስት የሸክላ አምፖል ሽፋኖች ሰቅለን ነበር። በእጅ የተሠራ ሸክላ አንዱ ከሌላው ስለማይመጣጠን ክብደታቸው ከ300 እስከ 800 ግራም፣ መቶ መቶ ግራም ያህል እየተበላለጠ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። ቀለበቱ ሲያዘነብል ከየአቅጣጫው ምክር ጎረፈልን፤ አብዛኛው ግን ትክክል አልነበረም።

«ከባዱን ከቀላሉ ትይዩ ስቀሉት፣ ይካካሳሉ።» በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። 800 ግራሙ ከ300 ግራሙ ፊት ለፊት ሲሰቀል የ500 ግራም ትርፍ ወደ ከባዱ ጎን ይጎትታል። በአንድ ጎን ሙሉ ጆንያ፣ በሌላው ጎን ግማሽ ጆንያ ጤፍ በአህያ ጭኖ ገበያ የሄደ የጎጃም ገበሬ ጭነቱ መንገድ ላይ እንደሚዞርበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ትክክለኛው አሰካክ ዙሪያውን 400፣ 500፣ 800፣ 300፣ 600፣ 700 ነው። ትይዩ የሚሆኑት 400 እና 300፣ 500 እና 600፣ 800 እና 700 ሲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጥንድ የሚተርፈው 100 ግራም ብቻ ነው፤ ሦስቱ ትርፎችም አንድ አንድ ክንድ (የመስቀያ ቦታ) እየዘለሉ፣ በ120 ዲግሪ ተራርቀው፣ እንደ ሦስት ጉልቻ ስለሚቀመጡ እርስ በርስ ይካካሳሉ።

«ቅደም ተከተሉ ከተገኘ በማንኛውም የክንድ ብዛት ይሠራል።» አይሠራም። በሦስት ክንድ ሁሉም እኩል መመዘን አለባቸው፤ በአራት ክንድ ትይዩዎቹ እኩል መሆን አለባቸው፤ በአምስት ክንድ ደግሞ መቶ መቶ ግራም የሚበላለጡ ሽፋኖች በምንም ቅደም ተከተል አይስተካከሉም። ያኔ የሚቀረው ርቀትን መለወጥ ነው፦ ከመሃል 30 ሴንቲሜትር ላይ ያለ 800 ግራም፣ በትይዩው 40 ሴንቲሜትር ላይ ካለ 600 ግራም ጋር ይመጣጠናል።

«ሰንሰለቱ ይርዘም፣ ማዘንበሉ ይቀንሳል።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። ከኮርኒሱ የሚወርደው ነጠላ ሰንሰለት ቢረዝምም ቢያጥርም ለውጥ የለውም፤ ለውጥ የሚያመጣው ቀለበቱን የያዙት ሦስቱ ሰንሰለቶች ከሚገናኙበት ነጥብ እስከ ክብደቱ ማዕከል ያለው ቁመት ነው። የክብደቱ ማዕከል ከመሃል 2 ሴንቲሜትር ቢሸሽ፣ ቁመቱም 60 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የ1 ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት አንዱ ጠርዝ ከሌላው 3.3 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ቁመቱን 120 ብታደርጉት ልዩነቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ውሃ ልኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስቀምጦ «ልክ ነው» ማለትም አይበቃም፤ መስቀልኛ አድርጎ ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

«ሚዛኑን ከጠበቀ ለመንጠቆው ቀለል ይላል» ለሚሉትም፦ የሸክላዎቹ 3.3 ኪሎ ግራም፣ ከብረቱና ከሰንሰለቱ ክብደት ጋር፣ ምንጊዜም ያው መንጠቆ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንጠቆው መታሰር ያለበት በኮርኒሱ ቺፑድ (ስስ የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ከበላዩ ባለው ሞራሌ (ኮርኒሱን በያዘው እንጨት) ላይ ነው።