ከቆዳ ስር የሚገባ ቺፕ ምንድን ነው?

ዳታን ሰውነት ውስጥ ማስቀመጥ ሲባል፣ ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ እጁ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነው የሚታየን። ገና እዚያ አልተደረሰም።

አሁን ያለው ከሩዝ ፍሬ ረዘም የሚል ቺፕ ነው። በመስታወት ብልቃጥ ይታሸግና፣ ወፈር ባለ መርፌ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ከቆዳ ስር ይገባል። ባትሪ የለውም። ስልክ ወይም የበር ማንበቢያ ጠጋ ሲልለት ከመሣሪያው ትንሽ ኃይል ይበደርና የያዘውን ይናገራል። መሣሪያው ሲርቅ ዝም ይላል። ስለዚህ "በሳተላይት ይከታተሉበታል" የሚባለው ወሬ ውሃ አያነሳም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ካሉ እኮ ቺፑ የለም ማለት ነው።

ስንት ይይዛል? በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ ኤንታግ 216 ይባላል። 888 ባይት ነው የሚይዘው። ሜጋባይት አላልኩም። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ሲጻፍ በአብዛኛው 3 ባይት ይወስዳል። 888ን ለ3 ስናካፍል 296 ፊደል። ይህች አጭር ጽሑፍ እንኳ አትገባበትም! ፎቶማ አይታሰብም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ቁልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ቬሪቺፕ የያዘው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነበር። የሕክምና መዝገቡ ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ በቁጥሩ ይፈልገዋል። በስዊድንም በ2017 የባቡር ድርጅቱ ኤስጄ ተሳፋሪዎች በእጃቸው ባለው ቺፕ ትኬታቸውን እንዲያሳዩ ፈቅዶ ነበር።

ብዙ ዳታ ከተፈለገ ተስፋ ያለው ዲኤንኤ፣ ማለትም ሕያው ነገር ሁሉ የዘር መረጃውን የሚይዝበት ሞለኪውል ላይ ነው። በዚያው በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የሚጋልብ ፈረስ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል በሕያው ባክቴሪያ ዲኤንኤ ውስጥ ጽፈው መልሰው አንብበውታል። ባክቴሪያ ነው እንግዲህ፣ ሰው አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ማውጣቱ ነው። ካርድ ሲያረጅ ይጣላል፤ ይሄ ግን ቆዳ መቅደድ ይጠይቃል። ደግሞ ከቫይረስ አያመልጥም። በ2010 የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርክ ጋሰን፣ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ብለው እጃቸው ውስጥ ያለውን ቺፕ በኮምፒውተር ቫይረስ በክለውታል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኬቨን ዋርዊክ በ1998 ክንዳቸው ውስጥ ቺፕ አስገብተው፣ ሲያልፉ በር ይከፈትላቸው፣ መብራት ይበራላቸው ነበር። በ9 ቀኑ አስወጡት።