ተማሪው ካሜራውን ለምን ያጠፋል?

«አቦ፣ ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ያድራሉ፤ የቪዲዮ ትምህርት ሲባል ግን ይጠፋሉ!» ድሬዳዋ ውስጥ መምህራን ሰብሰብ ካሉ ይህ ወቀሳ አይቀርም። ብዙው ግን ተማሪውን በደንብ ካለማየት የመጣ ነው። የሚዘወተሩትን ሦስት አባባሎች እንይ።

«ካሜራ ያጠፋ ተማሪ ተኝቷል»

በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮሮና ጊዜ ተማሪዎች ካሜራቸውን ለምን እንደሚያጠፉ ተጠይቀው፣ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከሁሉ በላይ ያነሱት መልካቸውን ነው። ከኋላቸው የሚታየው ሰውና ቤትም ያሳቅቃቸዋል። ይህ እንግዲህ አሜሪካ ነው። ወደ ድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር እንምጣ። አንድ ክፍል ቤት፣ ከሙቀቱ የተነሳ በሽርጥ ጋደም ያለ አባት፣ የሚላፉ ታናናሾች። ልጁ ራሱ በካናቴራ ነው። ሼም ይይዘዋል! መምህሩ ስሙን ጠርቶ «ክፈት እንጂ!» ካለው በሚቀጥለው ጊዜ ጭራሽ አይገባም። ደግሞስ በግድ የተከፈተ ካሜራ ፊት ያሳያል እንጂ ልብ የት እንዳለ አያሳይም።

«ኔትወርክ እስካለ ሰበብ የለም»

ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 2014 ላይ። አማራጩ ሰፋ፤ ጥሩ ነው። ግን ኔትወርክ ኖሮ ፓኬጅ ላይኖር ይችላል። በዙም የሚሰጥ የቡድን ትምህርት በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ቴሌግራም ላይ የተጫነ አጭር ቪዲዮ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይወርዳል፣ ቤት ተደጋግሞ ይታያል፣ ያለ ዳታ በዜንደር ለጓደኛ ይተላለፋል። አጭር ማለቴን ልብ በሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ጊዜ የታዩ የትምህርት ቪዲዮዎች ተጠንተው፣ ቪዲዮው ቢረዝምም አብዛኛው ተማሪ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ታይቷል። የሁለት ሰዓቱን ሌክቸር እንዳለ የምትጭኑ፣ ሰምታችኋል?

«አፑ ቀላል ከሆነ ራሳቸው ይለምዱታል»

ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ ሰዎች አዲስ ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበሉ አጥንቶ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሌላ ይላል። ቅለት ይረዳል፤ ይበልጥ የሚገፋው ግን «ምን ይጠቅመኛል?» የሚለው ነው። ለተማሪ ደግሞ ጥቅም ማለት በቅድሚያ ፈተና ነው። ለዚህ ነው አንድ ሲኒየር የአምናን ሚድ ፈተና በወረቀት እየሠራ በስልኩ የቀረጸው፣ የፋን ጩኸት የሞላበት ቪዲዮ፣ በስቱዲዮ ተለፍቶበት ከተዘጋጀው ቀድሞ የሚወርደው። የስቱዲዮው ያምራል፤ ሚድ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ግን አልሠራም።