ከቤት ሆኖ የርቀት ረዳትነት ንግድን መምራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቨርቹዋል አሲስታንት ወይም የርቀት ረዳት የሚባለው ባለሙያ፣ ደንበኛው ካለበት ቦታ ርቆ በኢንተርኔት አማካይነት የኢሜይል፣ የቀጠሮ፣ የጉዞ ዝግጅት፣ የሂሳብ መዝገብና መሰል ሥራዎችን በክፍያ የሚያከናውን ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ አይደለም፤ አነስተኛም ቢሆን የራሱን ንግድ የሚመራ ነው። ስለዚህ ሥራ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች ብዙዎቹ የሚመነጩትም ይህን አንድ ነገር ከመዘንጋት ነው።

«ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ይሠራዋል»

ለመጀመር ዲግሪ እንደማያስፈልግ እውነት ነው። ይሁንና ደንበኛው ገንዘብ የሚከፍለው ፈጥኖ ለሚተይብ ጣት ሳይሆን፣ እሱ በሌለበት ለሚሰጥ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ለምሳሌ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት የኢሜይል ሳጥኑን ለረዳቱ አስረክቧል እንበል። ጠዋት ሲከፈት ማስታወቂያዎች፣ የአንድ ቅር የተሰኘ ገዢ አቤቱታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተላከ የክፍያ መጠየቂያ፣ እንዲሁም ከቆየ ዕቃ አቅራቢ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ይገኛሉ፦ «የባንክ ሂሳባችን ስለተቀየረ የዚህን ወር ክፍያ በአዲሱ ቁጥር ያስገቡልን»። ሥራው መልእክት ማስተላለፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህንን ለሂሳብ ክፍሉ ይልከዋል። ልምድ ያለው ረዳት ግን የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ይመለከታል፤ አንዲት ፊደል ተለውጣ ሊያገኝ ይችላል። አድራሻው ትክክል ቢሆንም እንኳ የአቅራቢው ሳጥን ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በመዝገብ በነበረው ቁጥር ደውሎ ያረጋግጣል። በሐሰተኛ የሂሳብ ለውጥ ጥያቄ ገንዘብ መንጠቅ በዓለም ዙሪያ በድርጅቶች ላይ ከሚፈጸሙ የታወቁ ማጭበርበሮች አንዱ ነው፤ ያቺ የአምስት ደቂቃ ስልክም ከወሩ ሥራ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ሊኖራት ይችላል።

«በፈለግሁት ሰዓት እሠራለሁ»

አንዳንዱ ሥራ፣ ለምሳሌ መረጃ ማጠናቀር ወይም መዝገብ ማስተካከል፣ በእርግጥ ሌሊትም ሆነ ቀን ሊሠራ ይችላል። ቀጠሮ የሚይዝና የገዢዎችን ጥያቄ የሚመልስ ረዳት ግን የራሱን ሰዓት ሳይሆን የደንበኛውን ሰዓት ተከትሎ ይኖራል፤ ሁለት ደንበኞች በተለያዩ አህጉራት ካሉት ደግሞ የሁለት አገር ሰዓት ተከትሎ ይኖራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን በየዓመቱ የሚያሳስት አንድ ጉዳይ አለ። በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ያዞራሉ፤ አሜሪካ ወደፊት የምታዞረው በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሲሆን፣ ብሪታንያ የምታዞረው በዚያው ወር የመጨረሻ እሑድ ነው። በመካከሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በመኸር ደግሞ ብሪታንያ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ ስለሚመልሱ ለአንድ ሳምንት ያው ይደገማል። ልዩነቱን በቃሉ አጥንቶ በጣቱ እየቆጠረ ስብሰባ የሚይዝ ረዳት፣ አንዱን ወገን ሙሉ ሰዓት ያስጠብቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀጠሮውን የከተማውን ስም መርጦ በዲጂታል የቀን መቁጠሪያ ላይ መያዝ፣ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥም እያንዳንዱን ተደጋጋሚ ስብሰባ እንደገና መመልከት።

«ዋጋዬን ዝቅ ካደረግሁ ደንበኛ አላጣም»

ደንበኛ ሊገኝ ይችላል፤ ንግዱ ግን ራሱን ችሎ ላይቆም ይችላል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ሁሉንም ሰዓት አያስከፍልም። አዲስ ደንበኛ መፈለግ፣ የክፍያ መጠየቂያ ማዘጋጀት፣ አዲስ መተግበሪያ መማር፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ማስጠገን ሁሉ ከኪሱ የሚወጣ ጊዜ ነው። 15 ሰዓት በዚህ ቢያልፍና 25 ሰዓት ቢያስከፍል፣ የ40 ሰዓት ደመወዝ ከሚያገኝ ተቀጣሪ ጋር እኩል ለመሆን ብቻ የሰዓት ዋጋው 1.6 እጥፍ መሆን አለበት። ሥራውን ያገኘው ከሻጩ ገቢ 20 በመቶ በሚቆርጠው ፋይቨር በተባለው የኢንተርኔት የሥራ ገበያ በኩል ከሆነ ደግሞ እጥፉ 2 ይደርሳል። ግብር፣ የሕመም ቀንና የዕረፍት ጊዜ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የተቀጣሪን ደመወዝ ለሰዓታት አካፍሎ በተገኘው ቁጥር ዋጋ የሚጠራ ሰው፣ ሳያውቀው በግማሽ ዋጋ እየሠራ ነው።

በእኔ አስተያየት ከሰዓት ቆጠራ ይልቅ ወርሃዊ ቋሚ ክፍያ ለሁለቱም ወገን ይሻላል፤ ለምሳሌ በወር 20 ሰዓት አስቀድሞ ተከፍሎበት፣ ያልተሠራበት ሰዓት ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፍ ወይም አይተላለፍ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፋል።

«ደንበኛው አለቃዬ ስለሆነ ያዘዘኝን ሁሉ መሥራት አለብኝ»

ደንበኛ ውጤቱንና የማስረከቢያውን ጊዜ ይጠይቃል፤ እንደ አለቃ ግን አያዝም። ብዙ ረዳቶችን የሚያደክመው ከባድ ሥራ ሳይሆን «እባክህ፣ ይህችን ትንሽ ነገር ብቻ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ናት። ኢሜይልና ቀጠሮ ለመያዝ የተጀመረው ውል በሦስተኛው ወር ድረ ገጽ ማስተካከልን፣ በአምስተኛው የግል ስጦታ መግዛትን ጨምሮ ይገኛል፤ ክፍያው ግን ባለበት ነው። በውሉ ውስጥ የተካተተውን ብቻ ሳይሆን ያልተካተተውንም መዘርዘር ይጠቅማል። ከውሉ ውጭ የሆነ ጥያቄ ሲመጣም መቆጣትም ሆነ መሽኮርመም አያሻም፤ «ይህን መሥራት እችላለሁ፤ በውላችን ውስጥ ስላልተካተተ 3 ሰዓት ያህል ተጨማሪ ክፍያ ይኖረዋል፤ ልቀጥል?» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

«ከኮቪድ ጋር የመጣ ፋሽን ነው»

አይደለም። ኦዴስክ የተባለው የርቀት ሥራ ገበያ የተመሠረተው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢላንስ ከተባለው ሌላ ገበያ ጋር ተዋህዶ በ2015 እ.ኤ.አ. አፕወርክ የሚለውን ስም ያዘ። ወረርሽኙ ያደረገው ነገር ቢኖር ከዚያ በፊት የርቀት ሥራን ይጠራጠሩ የነበሩትን ቀጣሪዎች ማላመድ ነው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን ጨርሶታል»

ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥና ተራ ደብዳቤ ማርቀቅ የመሳሰሉት ሥራዎች ዋጋቸው መቀነሱን መካድ ሞኝነት ነው፤ በእነዚህ ብቻ የሚተዳደር ረዳት አገልግሎቱን መለወጥ ይኖርበታል። ከላይ ያየነውን የባንክ ሂሳብ መልእክት ግን አሁንም ስልክ አንስቶ የሚያጣራው፣ ከተሳሳተም የሚጠየቀው ሰው ነው። መሣሪያውን መጠቀም አያስነውርም፤ የሚያስነውረው የደንበኛን ውል ወይም የገዢዎችን ስም ዝርዝር ያለ ፈቃድ ለሁሉም ክፍት በሆነ መተግበሪያ ላይ መለጠፍ ነው። ደንበኛው በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ረዳቱንም ይመለከተዋል።

«የይለፍ ቃሉን ከሰጠኝ አመነኝ ማለት ነው»

እንዲያውም ጠንቃቃ ረዳት የይለፍ ቃል በቻት ሲላክለት «አይላኩልኝ» ይላል። ጂሜይል ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሳይገልጽ ሌላ ሰው እንዲያነብለትና በስሙ እንዲመልስለት ውክልና መስጠት ያስችላል፤ ተወካዩ የይለፍ ቃሉን መቀየር አይችልም። እንዲህ ያለ አማራጭ ለሌላቸው አገልግሎቶች የይለፍ ቃልን በቻት ሳይልኩ ለማጋራት የሚያስችሉ እንደ ቢትዋርደን ያሉ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ መተግበሪያዎች አሉ። ይህ ጥንቃቄ ረዳቱንም ይጠብቃል፤ የሆነ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ወይም ፋይል ቢጠፋ ማን ምን መግቢያ እንደነበረው ማጣራት ይቀላል። ውሉ ሲያበቃም ረዳቱ የነበሩትን መግቢያዎች በሙሉ ዘርዝሮ ለደንበኛው ይልካል፤ ደንበኛው አንድ በአንድ ይዘጋል፤ መዘጋታቸውም በጽሑፍ ይረጋገጣል።