ከፍታን መላመድ ምንድን ነው? የሂማላያን የእግር ጉዞ ከማቀዳችሁ በፊት

ኔፓል ሄዶ በሂማላያ መንደሮች መካከል በእግር መጓዝ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጫማ ነው። ቀጥሎ ስለ ብርዱ፣ ስለ ወጪው፣ ስለ ቪዛው። ሁሉም ተገቢ ነው። ጉዞውን የሚያሳካውም የሚያበላሸውም ትልቁ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም፦ በየሌሊቱ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ትተኛላችሁ?

ከፍታን መላመድ፣ አስጎብኚዎች አክላይማታይዜሽን የሚሉት ነገር፣ ሰውነት በሳሳ አየር ውስጥ ሥራውን እንዲቀጥል ራሱን የሚያስተካክልበት ሂደት ነው። ቀናት ይፈጃል። ያንን ጊዜ ከከለከላችሁት ታማችሁ ትወድቃላችሁ፣ አንዳንዴም ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ የጉዞ ዕቅድ ስታወጡ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መስፈር ያለበት የኪሎ ሜትሩ ርዝመት ሳይሆን የመኝታው ከፍታ ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ይጠቅማል፣ ሕጎቹን ለማክበር ያበረታል። ብዙ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ኦክስጅን ከአየሩ የሚጠፋ ይመስለዋል። ድርሻው አይለወጥም፤ ጅቡቲ ወደብም ሆነ ኤቨረስት ጫፍ ላይ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 5,500 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ገደማ ስለሚሆን፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል።

የሰውነት የመጀመሪያ ምላሽ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ ነው። ይሄ ወዲያው ይጀምራል፣ ግን ችግር ይዞ ይመጣል። ብዙ በተነፈስን ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን በብዛት ይወጣል፣ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ ይህን የተረዳው አንጎልም ትንፋሹን ይገታዋል። አንዱ ወገን አየር አምጡ ይላል፣ ሌላው ቀስ በሉ ይላል። ነገሩ የሚረግበው ኩላሊት የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን ባይካርቦኔትን በሽንት እያስወጣ የደሙን ሚዛን ሲመልስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። ከፍታ ላይ ሽንት ከወትሮው ሲበዛ አትጨነቁ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ቀይ የደም ሕዋስ የማምረቱ ሥራም ይጀመራል፣ ግን ውጤቱ ሳምንታት ስለሚወስድ ለሁለት ሳምንት ተጓዥ ብዙም አይደርስለትም። ሌሊት ላይ ደግሞ ትንፋሽ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ በረጅሙ ሲመለስ ትሰማላችሁ፣ የራሳችሁን ወይም አጠገባችሁ የተኛውን ሰው። ያስደነግጣል። ግን ብቻውን ሲሆን የሕመም ምልክት አይደለም።

እንግዲህ ሕጉ ይሄ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው ከፍታ ላይ ይታደር። የዕረፍት ቀን ሲባል ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ መዋል አይደለም። ቀን ወደ ላይ ወጣ ብሎ ተራምዶ፣ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይሻላል።

በእውነተኛ መንገድ ላይ እንየው። ማናስሉ 8,163 ሜትር ነው፣ በዓለም ስምንተኛው ረጅም ተራራ። ዙሪያውን የሚዞረው የእግር መንገድ ለውጭ ተጓዦች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ወደ ቲቤት ድንበር ስለሚጠጋ እስከ አሁን ልዩ ፈቃድና በተመዘገበ የጉዞ ድርጅት በኩል የሚመደብ አስጎብኚ ይጠይቃል። እኔ ከኤቨረስቱ መንገድ ይልቅ ይህን የምመርጠው ሰው ስለሚበዛበት ሳይሆን ስለሚያንስበት ነው፤ የላይኞቹ መንደሮች ኑብሪ የሚባለው፣ ባህሉ ከቲቤት የሆነ ሕዝብ የሚኖርባቸው ናቸው፣ ድንች የሚተክሉ፣ ያክ የሚባል ጸጉራም የከብት ዘር የሚያረቡ፣ በመንደሩ መግቢያ ላይ ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ግንብ ያሠሩ ሰዎች።

መንገዱ የሚጀምረው ማቻ ኮላ አካባቢ ነው፣ ከ1,000 ሜትር በታች፣ በሙቀት። የቡዲ ጋንዳኪን ወንዝ ተከትላችሁ በጃጋትና በዴንግ በኩል ለቀናት ስትወጡ ከፍታ ገና ጉዳይ አይደለም፤ ጉዳዩ ላብ፣ ጉልበትና ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ናምሩንግ 2,630 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ሒሳቡ ይጀመራል። ቀጥሎ ሎ፣ ወደ 3,180። ከዚያ ሳማጋውን፣ 3,530 ገደማ። እዚህ ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ነው። በመካከሉ ባለው ቀን ወደ ማናስሉ ቤዝ ካምፕ (ተራራ ወጪዎች የሚሰፍሩበት መነሻ ቦታ) መውጣት የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ግን 4,800 ሜትር አካባቢ ያለ ቦታ ስለሆነ ለዚያ ቀን ይከብዳል ብዬ አምናለሁ፤ ፑንግየን ገዳም 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለሰውነት በቂ ትምህርት ይሰጣል፣ ተራራውም ከዚያ ፊት ለፊት ይታያል። ቀጥሎ ሳምዶ፣ 3,875።

የዚህ ዕቅድ እውነተኛ ፈተና ከሳምዶ በኋላ ነው። ቀጣዩ ማደሪያ ዳራምሳላ ይባላል (ዳላይ ላማ ከሚኖርባት የሕንድ ከተማ ጋር አታምታቱት)፣ መንደር እንኳን አይደለም፣ 4,460 ሜትር ላይ ያለ ቀዝቃዛ ማረፊያ ነው። ከሳምዶ ጋር ያለው ልዩነት ወደ 585 ሜትር ይጠጋል፣ ማለትም ሕጉን ያልፋል፣ በመካከሉም ሌላ ማደሪያ የለም። በማግስቱ ደግሞ ገና ሳይነጋ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ተነስታችሁ 650 ሜትር ያህል ወጥታችሁ ላርኬ ላ የሚባለውን 5,100 ሜትር ገደማ የሆነ መተላለፊያ ታቋርጣላችሁ፣ ከዚያም በሌላው ወገን ወደ ቢምታንግ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ይህን ዝላይ የሚያስችለው ከሱ በፊት ያጠራቀማችኋቸው ሌሊቶች ናቸው። ስለዚህ ሳምዶም ላይ ሁለተኛ ሌሊት ጨምሩ። አጠር ያለ ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች ቀድመው የሚቆርጡት ይህንኑ ሌሊት ነው፤ ዝርዝሩን ሲልኩላችሁ በየቀኑ አጠገብ የመኝታውን ከፍታ እንዲጽፉ ጠይቁና የትናንቱን ከዛሬው ቀንሳችሁ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት።

አሁን ወደኛ ልምጣ። «እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» የሚል ሐበሻ ብዙ ነው። ከፊሉ እውነት አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ካትማንዱ ደግሞ 1,400 ገደማ፤ የኔፓል ዋና ከተማ ከኛዋ በብዙ ዝቅ ትላለች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ከሚነሳው ወንድሙ ትንሽ ቅድሚያ አለው። ግን ይህ ቅድሚያ ተቀምጦ አይጠብቅም። ካትማንዱ ጥቂት ቀን፣ ከዚያ ዝቅተኛው የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ጥቂት ቀን ስትቆዩ እየሳሳ ይሄዳል። ደግሞም አዲስ አበባ የምታለማምደው ለአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ለ4,460 አይደለም። ራስ ዳሸን ራሱ 4,550 ሜትር አካባቢ ነው፤ በአገራችን ከሱ የሚበልጥ ከፍታ የለም፣ ላርኬ ላ ግን በ500 ሜትር ያህል ይበልጠዋል።

ስለ ስሜን ተራሮች ነዋሪዎች የሚወራውም በቦታው መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እዚያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ንጥረ ነገር) ሆነ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪ ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝቶታል። ከሳማጋውን ጋር እኩል ከፍታ ላይ ማለት ነው። የሚያስደንቅና የሚያኮራ ነገር ነው። ግን ይህ በትውልዶች የተገኘ ነው፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ሰዎች ሀብት ነው። ቦሌ ያደገ ሰው በስም ብቻ አይወርሰውም።

ስፖርተኛ መሆንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ ጥናት፣ በኤቨረስት መንገድ ላይ፣ ፌሪቼ በሚባል 4,243 ሜትር ላይ ባለ መንደር፣ 278 ተጓዦች ተጠንተው 53 በመቶው የከፍታ ሕመም ታይቶባቸዋል። ወጣቶቹ ላይ ይበዛ ነበር፣ በአውሮፕላን መጥተው ፈጥነው በወጡት ላይም ይበዛ ነበር። ጠንካራ ሰው የሚጎዳው ጉልበቱ ፈጥኖ እንዲወጣ ስለሚፈቅድለት ነው። ሩጡ፣ ደረጃ ውጡ፣ ተለማመዱ፤ መንገዱን ደስ የሚል ያደርገዋል። የመኝታውን ሒሳብ ግን አይለውጠውም።

ሕመሙ ሲመጣ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከሱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካም፣ ማዞር። ጉንፋን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ የትናንቱ ምግብ ነው ማለት ይቀናል። ከፍታ ላይ የታመመ ሰው ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ በከፍታው እንደታመመ ይቆጠራል። ምልክት እያለ ወደ ላይ አይኬድም፤ እዚያው ይታደራል። እየባሰ ከሄደ መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሁለት ነገሮች ግን ጊዜ አይሰጡም። አንደኛው የአንጎል እብጠት ነው። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት ፊት እያስቀደመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ አድርጉት፤ ካልቻለ አሁኑኑ ይወርዳል። ሁለተኛው ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ነው። ቁጭ ብሎ እንኳን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ቆይቶ አክታው አረፋማና ሮዝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አዲስ ከፍታ ላይ በደረሱ በሁለተኛው ሌሊት ይጀምራል፣ ያለ ምንም ራስ ምታትም ሊመጣ ይችላል። ለሁለቱም ኦክስጅንና መድኃኒት ይረዳሉ፣ መፍትሔው ግን መውረድ ነው። የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፣ ብቻውንም አይወርድም።

ስለ ዳያሞክስ ሁሌም ይጠየቃል። አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ሲሆን ሥራው ያንን የኩላሊት ሂደት ማፋጠን ነው፣ ምልክት መደበቅ አይደለም። ለመከላከል የተለመደው መጠን ለአዋቂ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሽቅብ ከመጀመሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። ጣት ይወጋጋል፣ ሽንት ያበዛል። ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው፤ ሌላውም ቢሆን አገሩ እያለ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ግን ሌላ ነገር ነው። ምልክቱን ያስታግሳል፣ ሰውነትን አያላምድም፣ ስለዚህ ለመውረጃ እንጂ ለመውጫ አይዋጥ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከያዛችሁ ያዙት፣ ግን ጥሩ ቁጥር አይታችሁ ራስ ምታቱን አትናቁ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን እስከ መተላለፊያው ማዶ ይቆይ።

ይህ ሁሉ በዕቅዱ ላይ ሲወርድ ወደ ትኬቱ ይመጣል። የመመለሻ በረራ ከጉዞው መጨረሻ ጋር ተጣብቆ ከተያዘ፣ ዳራምሳላ ላይ ራሱን ያመመው ሰው ቀን ስለሌለው ብቻ መውጣቱን ይቀጥላል። ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን ያዙ፤ በረዶም ቢጥል ያድናችኋል። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. አናፑርና ላይ ቶሮንግ ላ የሚባለው 5,416 ሜትር መተላለፊያ አካባቢ ድንገተኛ የበረዶ ማዕበል ብዙ ሰው ገድሏል፣ ወቅቱም ለጉዞ ምርጥ የሚባለው ወቅት ነበር። ኢንሹራንስ ስትገዙ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሸፍን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከ5,100 ሜትር በታች ያቆማሉ፣ ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ደመና ካለ አይመጣም። በአናፑርና በኩል የምትሄዱ ከሆነ ማናንግ ላይ፣ በኤቨረስት በኩል ደግሞ ፌሪቼ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር በጉዞ ወቅት ክሊኒክ ይከፍታል፤ ሐኪሞቹ ስለ ከፍታ የሚሰጡትን ገለጻ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

አንድ የሚረሳ ሰው አለ፤ ዕቃችሁን የሚሸከመው። ኔፓላዊ ስለሆነ ከፍታው የማይነካው ይመስላል። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ከዝቅተኛ ኮረብታማ መንደሮች የመጡ ናቸው፣ እንደናንተው ይታመማሉ፣ የቀን ክፍያቸው እንዳይቀር ደግሞ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ፦ ኢንሹራንስ አላቸው ወይ? ለላርኬ ላ ብርድ የሚሆን ጫማና ጃኬት አላቸው ወይ? የት ይተኛሉ? በየጠዋቱ ራሳችሁን እንደምትጠይቁት እነሱንም በአስጎብኚው በኩል ጠይቁ። ከታመመም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሮት ይውረድ፣ ክፍያውም እስከ መጨረሻው ቀን ይከፈለው።