የካርቦን ዑደት ምንድን ነው?

የካርቦን ዑደት የሚባለው ካርቦን ከአየር ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ አለት፣ ከአለትም በእሳተ ገሞራ በኩል ተመልሶ ወደ አየር የሚያደርገው ዝውውር ነው። ዕፅዋትና እንስሳት በየዕለቱ የሚቀባበሉት ካርቦን የዑደቱ ፈጣን ክፍል ሲሆን፣ ምድርን ለረጅም ዘመን ለሕይወት የተመቸች አድርጎ ያቆያት ግን በአለት ውስጥ የሚያልፈው አዝጋሚው ክፍል ነው።

ምድር ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስትፈጠር የፀሐይ ድምቀት ከዛሬው በ30 በመቶ ያህል ያንስ ስለነበር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የመሰሉ ሙቀት አማቂ ጋዞች በብዛት ባይኖሩ ኖሮ ውቅያኖሶች በረዶ ሆነው በቀሩ ነበር። ዛሬም ቢሆን ያለ እነዚህ ጋዞች የምድር አማካይ ሙቀት 15 መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርድ ነበር።

ፀሐይ እየደመቀች ስትሄድ ምድር ከልክ በላይ ያልጋለችበት ምክንያት ከዝናብ ይጀምራል። የሚወርደው ጠብታ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አለት ላይ ሲያርፍም ካልሲየምን ያሟሟና በወንዝ ተወስዶ ባሕር ይገባል። በዚያም ጥቃቅን ፍጥረታት ካልሲየሙንና ካርቦኑን አዋህደው ቅርፊታቸውን ይሠራሉ፤ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለሉ ላይ ይዘቅጥና በጊዜ ብዛት የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ምድር ስትሞቅ ዝናቡ ስለሚበዛና የአለቱ መሟሟት ስለሚፋጠን ጋዙ ከአየር ይቀንሳል፤ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ሥራው ይዳከምና እሳተ ገሞራ የሚተፋው ጋዝ ይከማቻል። ይህ ሥርዓት በሌለባት በቬነስ የገጽታዋ ሙቀት ከ460 ዲግሪ ያልፋል።

የሰው ልጅ በዑደቱ ላይ ያመጣው ለውጥ በዋናነት የፍጥነት ነው። እሳተ ገሞራ ከሰው በላይ ይበክላል የሚል ክርክር አሁንም ይሰማል፤ ነገር ግን የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በማቃጠል በየዓመቱ ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቀቅ፣ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው የዚህን 2 በመቶ እንኳ አይደርሱም። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ልኬት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ታፍኖ የቆየው አየር እንደሚያሳየው፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በነበሩት 800,000 ዓመታት ቁጥሩ ከ300 ብዙም አልፎ አያውቅም።

ከሚለቀቀው ጋዝ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይቀበላል። ይህ አየሩን ቢያቃልልም ውኃውን ወደ አሲድነት ስለሚገፋው፣ ካርቦንን ወደ ድንጋይ የሚለውጡት እነዚያው ፍጥረታት ቅርፊት መሥራት ይከብዳቸዋል። አለቱ ትርፉን ጋዝ ውሎ አድሮ ጠርጎ መጨረሱ አይቀርም፤ የሚፈጅበት ጊዜ ግን በመቶ ሺህ ዓመታት የሚቆጠር ነው።