«ይግባኝ ብያለሁ፤ አይነኩኝም» የሚሉ ሰዎች ማወቅ ያለባቸው

ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ይህችን አባባል ደጋግሜ እሰማታለሁ። እሷን ተማምኖ ቤቱ የተቀመጠ ሰው የአፈጻጸም ትእዛዝ፣ ማለትም ፍርዱ እንዲፈጸምበት የሚያዝ ወረቀት፣ ሲደርሰው ማየት ያማል። የምጽፈው ስለ ፍትሐ ብሔር ክርክር ብቻ ነው፤ መሠረቱም ዛሬም የምንሠራበት የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ «ቁጥር» የምለውም የዚሁን ሕግ አንቀጽ ነው።

«ይግባኝ ከተባለ አፈጻጸሙ በራሱ ይቆማል»

አይቆምም። ይግባኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ እግድ ደግሞ ሌላ። ይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ያስገባል። የፍርድ ባለመብቱ ግን እስከዚያ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል።

እንዲታገድለት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን በቃለ መሐላ አስደግፎ ለይግባኝ ሰሚው ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው በቁጥር 335 የተቀመጡትን ነገሮች ነው፦ ካልታገደ ከባድ ጉዳት ይደርሳል ወይ? አመልካቹ ሳይዘገይ መጥቷል? ለፍርዱ አፈጻጸም ዋስትና ይሰጣል? ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በመጀመሪያው ላይ ይመስለኛል። «የማይተካ ጉዳት ይደርስብኛል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይነግርም። ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ነው? ሐራጁ መቼ ነው? ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈ በኋላ ማስመለስ ለምን ይከብዳል? መጻፍ ያለበት ይህ ነው።

«ያስቀርባል ተብሏል፤ ስለዚህ ታግዷል»

ያስቀርባል ማለት መልስ ሰጪው ተጠርቶ ይከራከር ማለት ነው። ስለ እግድ በግልጽ የተጻፈ ትእዛዝ ከሌለ የታገደ ነገር የለም። ቢኖርም መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ሐራጅ አያስቆምም፤ ግልባጩን በዕለቱ አውጥቶ ለአፈጻጸም ችሎቱ ማድረስ ያስፈልጋል።

«ዳኛው መቃወሚያዬን አልተቀበለም፤ ሄጄ ክርክሩን አሳግዳለሁ»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። የቀጠሮ ጉዳይ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ የሚቀርብ ተቃውሞ)፣ የማስረጃ መቀበል ወይም አለመቀበል፤ በእነዚህና በመሰል የክርክር መሐል ትእዛዞች ላይ ወዲያው ይግባኝ እንደማይባል ቁጥር 320(3) ይናገራል። መብቱ አልጠፋም፤ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ በይግባኙ ላይ አብሮ ይነሳል። መቃወሚያው ተቀባይነት አግኝቶ መዝገቡ ከተዘጋ ግን ነገሩ የመሐል ትእዛዝ መሆኑ ስለሚቀር ይግባኝ ይባልበታል። ሕጉ ራሱ ያወጣቸው ጉዳዮችም አሉ፦ ሰው እንዲታሰር ወይም ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እንዲዛወር የሚያዝ ትእዛዝ ሲሰጥ ፍርዱን መጠበቅ አያስፈልግም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። «ይግባኝ ብያለሁ» ብሎ ክርክሩን ከያዘው የሥር ፍርድ ቤት ቀጠሮ የቀረ ተከሳሽ ክርክሩ በሌለበት ይታያል፤ የቀረ ከሳሽ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። በሌለበት የታየበት ተከሳሽ ይህን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ለማስነሳት ማመልከት ቢችልም፣ የቀረበት በቂ ምክንያት ይጠየቃል። ይግባኝ ማለት ደግሞ በቂ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ተቃውሞን በግልጽ ማስመዝገብ፣ ከዚያም ቀጠሮን አክብሮ መከራከር ነው።

«እግድ ሁሉ አንድ ነው»

በቁጥር 154 የሚሰጠው እግድ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው። የአፈጻጸም እግድ የሚመጣው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። በአንደኛው ቁጥር ሌላውን መጠየቅ ጊዜ ያባክናል።

በውክልና የሚከራከሩ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው የአዲስ አበባ ቤታቸውን ጉዳይ በስልክ የሚከታተሉ ወገኖቼን አስባለሁ። «ይግባኝ ተብሏል» ሲባሉ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ይጠይቁ፦ የይግባኙ መዝገብ ቁጥር ስንት ነው? የእግድ ማመልከቻ ገብቷል? ምን ተባለ? የሥር ፍርድ ቤቱ ቀጠሮስ መቼ ነው?